ክፍሉን ከመልመዳችሁ በፊት፦ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ኑሮን በደህና ለመጀመር

ወደ ማደሪያ የገባሁ ዕለት የክፍሉ መስኮት መያዣው ተሰብሮ እንደማይዘጋ ወዲያው አይቻለሁ። ነፋሱ መጋረጃውን ሲያርገበግበው «ነገ ለኃላፊው እነግራለሁ» አልኩ። በማግስቱ ምዝገባ ነበር፤ ከዚያ ትምህርት ተጀመረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መስኮቱን በገመድ አስሬ፣ በገመዱም ላይ ፎጣ እያሰጣሁ፣ መሰበሩን ጨርሶ ረሳሁት። ያስታወሱኝ በዓመቱ መጨረሻ ክፍሉን ሳስረክብ ነው። ጉዳቱ በስሜ ተጽፎ ከፈልኩ። ስገባም ተሰብሮ እንደነበር የሚያስረዳ አንድ ወረቀት፣ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ በማደሪያ የኖርኩባቸው ዓመታት ያስተማሩኝም ይህንኑ ነው። ሰው ቶሎ ይለምዳል። የተሰበረ መስኮት ይለምዳል፣ ሌሊት የሚጮኽ ስልክ ይለምዳል፣ ብቻውን ተቀምጦ መብላትን ይለምዳል። የለመደውን ነገር ደግሞ አያየውም፤ ቢያየውም ለመናገር የረፈደ ይመስለዋል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለማደሪያ ኑሮ የተባለ ይመስለኛል። ስለዚህ የሚከተለውን መመሪያ በጊዜው ቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ፦ ከመነሳት በፊት፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያ በኋላ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ሁለት ነገር ቀድማችሁ እወቁ፦ ክፍሉ ለስንት ሰው እንደሆነና ምን ይዞ መግባት እንደሚከለከል። ደንቡ ካልተላከላችሁ ጠይቃችሁ አግኙና እስከ መጨረሻው አንብቡት። የውሃ ማፍያ፣ ምድጃ፣ ማሞቂያና ሻማ በብዙ ማደሪያዎች ክልክል ናቸው፤ ተሸክማችሁ ሄዳችሁ በር ላይ ከምትቀሙ ቤት ተዉአቸው።

በመጀመሪያው ሌሊት የሚያስፈልጉት፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦ የራሳችሁ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ሁለት አንሶላ (አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲነጠፍ)፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን የላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ የዘወትር መድኃኒት ካላችሁ ከነማዘዣው፣ የሰነዶቻችሁ ቅጂ። ሻንጣው ባዶውን ታጥፎ ከአልጋ ሥር የሚገባ ለስላሳ ሻንጣ ቢሆን ይመረጣል። ጠንካራው ዓመቱን ሙሉ ቦታ ይዞ ይቀመጣል።

ትልልቅ ዕቃ ግን አትግዙ። ምንጣፍ፣ መስታወት፣ ማራገቢያ፣ መጥረጊያና ባልዲ አብረዋችሁ የሚኖሩትን ካገኛችሁ በኋላ የሚወሰኑ ናቸው። አራት ሰው አራት ባልዲ ይዞ የገባበት ክፍል አይቻለሁ፤ መረገጫ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ሰዓት፦ ሻንጣ ሳይፈታ

በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ የመጀመሪያው ፍላጎት አልጋ ማንጠፍና ጋደም ማለት ነው። ታገሡ። ክፍሉን እንደ እንግዳ የምታዩበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ዕቃችሁ ከሞላበት በኋላ ግድግዳው ይሸፈናል፣ ጉድለቱም የእናንተ ይሆናል።

መጀመሪያ የበሩን ቁልፍ ከውስጥም ከውጭም ሞክሩ። ቀጥሎ መስኮቱን ክፈቱና ዝጉ። መብራቶቹን አብሩ። እያንዳንዱን ሶኬት በስልክ ባትሪ መሙያ ሞክሩ፤ የጠቆረ፣ የላላ ወይም ሲሰካ የሚንጫጫ ሶኬት ካለ አትጠቀሙበት። ቁም ሳጥኑን ከፍታችሁ መሳቢያዎቹን ሳቡ። ጣሪያው ጥግ ላይና ከመስኮቱ ሥር የውሃ ምልክት መኖሩን እዩ፤ ቢጫ ክብ ወይም የተነፋ ቀለም ውሃ እንደሚገባ ይናገራል። ተደራራቢ አልጋ ከሆነ ማያያዣዎቹንና የላይኛውን መደገፊያ ብረት በእጃችሁ ነቅንቁ።

ያገኛችሁትን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሱ። አንድ ከሩቅ፣ ጉዳቱ የክፍሉ የትኛው ቦታ እንደሆነ የሚያሳይ፤ አንድ ከቅርብ፣ ጉዳቱን ራሱን የሚያሳይ። ከዚያ የርክክብ ቅጽ ካለ በላዩ ጻፉት፤ «ጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» የሚል ቅጽ አንብባችሁ ሳትጨርሱ አትፈርሙ። ቅጽ ከሌለ ለማደሪያው ኃላፊ ወይም ለፕሮክተሩ (ማደሪያውን በቅርብ ለሚቆጣጠረው ሠራተኛ) ቀን ያለበት አጭር ጽሑፍ ላኩ፤ ቅጂው እናንተ ዘንድ ይቅር። በቃል የተነገረ ብልሽት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ፍራሹን መፈተሽ

ይህን ለብቻው የማነሳው ብዙ ሰው አፍሮ ስለሚዘለው ነው። ትኋን የቆሻሻ ምልክት አይደለም። ሰው በተለዋወጠ ቁጥር ከሻንጣና ከልብስ ጋር የሚጓዝ ነፍሳት ነው፤ ማደሪያ ደግሞ ሰው የሚለዋወጥበት ቤት ነው። ስለዚህ ሻንጣችሁን አልጋው ላይ ሳይሆን ወለል ላይ፣ ከአልጋው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የእጅ ባትሪ አብሩና የፍራሹን ጠርዝ ስፌት በአውራ ጣት ገለጥ እያደረጋችሁ ዙሩት። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ በብዕር ጫፍ የተነኩ የሚመስሉ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ የደረቀ ቡናማ ደም፣ ነፍሳቱ ጥሎት የሄደ ቀጭን ቅርፊት፣ ወይም 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጠፍጣፋ ቀይ ቡናማ ትኋን ራሱ። እንቁላሉ ነጭ፣ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የአልጋውን ብረት መጋጠሚያ፣ የብሎን ቀዳዳና የራስጌውን እንጨት አትርሱ። ስስ ካርድ በስንጥቁ ውስጥ ስባችሁ ብታወጡ የተደበቀው ይወጣል።

ካገኛችሁ በራሳችሁ መርዝ አትርጩ፤ ሳይሞት ወደ ጎረቤት ክፍል ይሸሻል፣ መርዙ ደግሞ የምትተኙበት ፍራሽ ላይ ይቀራል። ዕቃችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ክፍልም አትሂዱ፤ ይዛችሁት ትሄዳላችሁና። በዚያው ቀን አሳውቁ። ልብስና አንሶላ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ በደረሰ ውሃ ይታጠብ፣ ወይም በጣም በሚያሞቅ ማድረቂያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። መታጠብ የማይችለው ዕቃ በላስቲክ ታስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ቀን ቢቀመጥ ትኋኑ ይሞታል። የንክሻው ምልክት በአንዳንድ ሰው ላይ ከቀናት በኋላ፣ አልፎ አልፎም ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሚታይ «እኔን አልነከሰኝም» ብሎ መዘናጋት አይገባም። የሚያጽናናው ነገር ትኋን በሽታ በማስተላለፍ አለመታወቁ ነው።

መውጫውን ማወቅ፣ ኤሌክትሪኩን ማስላት

በዚያው ቀን ከክፍላችሁ ውጡና ወደ ሁለት የተለያዩ መውጫዎች ሂዱ። ወደ እያንዳንዱ ደረጃ ስትሄዱ በመንገዳችሁ ያሉትን በሮች ቁጠሩ። ጭስ በሞላበት መተላለፊያ ዓይን አይሠራም፤ ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሰ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚል ሰው ነው ደረጃውን የሚያገኘው። ደረጃ ያልኩት አሳንሰር በእሳት ጊዜ ስለማይያዝ ነው። በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከጋለ አትክፈቱ። መተላለፊያው ከጨሰ ጎንበስ ብላችሁ ሂዱ፤ ንጹሑ አየር ያለው ከወለሉ አጠገብ ነው።

የማስጠንቀቂያ ደወል ሲጮኽ ደግሞ ውጡ። ሁልጊዜ ውጡ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2000 ንጋት ላይ፣ አሜሪካ ኒው ጀርሲ በሚገኘው በሲቶን ሆል ዩኒቨርሲቲ፣ ቦላንድ ሆል በሚባለው የአዲስ ተማሪዎች ማደሪያ እሳት ተነሥቶ 3 ተማሪዎች ሞቱ፤ ከ50 የሚበልጡ ተጎዱ። ደወሉ ጮኾ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ያለ እሳት ደጋግሞ ስለጮኸ ብዙዎች የተለመደው የሐሰት ደወል መስሏቸው ወዲያው አልተነሡም። ከዚህ አደጋ በኋላ የኒው ጀርሲ ግዛት በማደሪያዎቹ ሁሉ እሳት ሲነሣ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ እንዲገጠም በሕግ አስገደደ። መሣሪያውን ሕግ ያስገጥማል፤ ከብርድ ልብስ ውስጥ መነሣት ግን የእያንዳንዳችን ነው። በአሥረኛው ደወልም እንደ መጀመሪያው ተነሡ።

የኤሌክትሪኩ ስሌት ቀላል ነው። ቮልቱን በአምፒር ስታባዙ ዋት ታገኛላችሁ። የሶኬት ማከፋፈያው ላይ 10 አምፒር ተብሎ ከተጻፈና መስመሩ 220 ቮልት ከሆነ የሚችለው 2,200 ዋት ነው። አንድ የውሃ ማፍያ ብቻውን እስከ 2,000 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ በዚያው ማከፋፈያ ላይ ካውያ ሲጨመር ልኩ ያልፋል። የስልክና የኮምፒውተር ባትሪ መሙያዎች ግን ጥቂት ስለሚወስዱ አብረው ቢሰኩ አያሰጉም። ማከፋፈያን በማከፋፈያ ላይ አትቀጥሉ፤ ገመዱን ጠቅልላችሁ ወይም ምንጣፍ ሥር ደብቃችሁ አትጠቀሙ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ስልክ ትራስ ሥር አድርጎ እየሞሉ መተኛትም እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ቁጭ ብሎ መነጋገር

ከዚህ መመሪያ አንዱን ብቻ ትወስዳላችሁ ቢባል ይህን እንድትወስዱ እለምናለሁ።

በሁለተኛው ዓመቴ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ንጋት ላይ ለመነሣት የስልኩን ደወል ይሞላ ነበር። ስልኩ ይጮኻል፣ እጁ ከብርድ ልብስ ወጥቶ ያጠፋዋል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጮኻል። አምስት ጊዜ። እርሱ በአምስተኛው ይነሣል፤ እኔ በመጀመሪያው ነቅቼ ጣሪያ እያየሁ እቆያለሁ። «ይሉኝታ የለውም» እያልኩ ሁለት ወር ዝም አልኩ። በመጨረሻ የተናገርኩ ቀን ስለ ስልኩ ብቻ አልተናገርኩም፤ ስለ ጫማው፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ እንግዶቹ፣ የተጠራቀመውን ሁሉ አወረድኩበት። ልጁ ደንግጦ ካዳመጠኝ በኋላ የመለሰልኝ አንድ ነገር ነው፦ «ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርከኝም?» በዚያው ማታ ስልኩን አልጋው አጠገብ መሆኑ ቀርቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠው። ለማጥፋት መነሣት ግድ ሆነበትና በአንድ ጩኸት መንቃት ጀመረ። የሁለት ወር እንቅልፌን የወሰደው ስልኩ ሳይሆን ዝምታዬ ነበር።

ስለዚህ ሁላችሁም ከገባችሁ በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ አንድ ማታ ቁጭ በሉ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ስሜታችሁን ሳይሆን ልማዳችሁን ተጠያየቁ። «ጫጫታ ይረብሽሃል?» ቢባል ሁሉም «ችግር የለም» ይላል፤ ገና አልተላመደምና ያፍራል። «ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስትተኛ መብራት ቢበራ እንቅልፍ ይወስድሃል?» ሲባል ግን እውነቱ ይወጣል። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው፦

ትልቁ መብራት ስንት ሰዓት ይጥፋ? ከዚያ በኋላ የሚያጠና ሰው በምን ያጥና፣ በጠረጴዛ መብራት ወይስ ወጥቶ?

ስልክ የሚያወራ ሰው የት ያውራ? ድምፅ ያለው ነገር በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይሁን?

እንግዳ ይመጣል? እስከ ስንት ሰዓት? ማንም ሳይጠየቅ ሊያድር ይችላል? በፈተና ሰሞንስ?

ሳይጠየቅ የሚወሰድ ነገር አለ? ሳሙናስ? ልብስስ? ኮምፒውተርስ? እዚህ ላይ ዝርዝሩ ያስፈልጋል። ባደገበት ቤት የአንዱ ዕቃ የሁሉም የነበረ ሰው አለ፤ የራሱ መሳቢያ በቁልፍ የሚዘጋ የነበረም አለ። ሁለቱም ቅን ናቸው፤ ካልተነጋገሩ ግን አንዱ ሌላውን ሌባ፣ ሌላው አንዱን ስስታም ይለዋል።

መስኮቱ ሌሊት ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ማን ይብረደው፣ ማን ይሙቀው? አልጋ መለዋወጥ ቢያስፈልግ አሁን ነው ጊዜው።

የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጻፉና ከበሩ ጀርባ ለጥፉት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና አንብባችሁ የማይሠራውን አስተካክሉ። ይህ ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ይበልጣል እላለሁ፤ በዚያን ጊዜ ሁላችሁም የምትናገሩት በእውነት የምታውቁትን ነው።

ቅሬታ ሲመጣ

ይመጣል። ሲመጣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ለሰውየው ራሱ፣ ለብቻው ሆኖ ሳለ ተናገሩ። ንግግሩ ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው፦ ምን ሆነ፣ እኔን ምን አደረገኝ፣ ምን እንዲሆን እጠይቃለሁ። «ትላንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልክ ስታወራ ነቃሁና ጠዋት ትምህርት ላይ ተኛሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኮሪደር ወጥተህ ብታወራ ደስ ይለኛል።» በዚህ ውስጥ «ሁልጊዜ» የሚል ቃል የለም፣ «አንተ እንዲህ ዓይነት ሰው ነህ» የሚል ፍርድም የለም። ከተናገራችሁ በኋላ ደግሞ መልሱን አዳምጡ፤ እናንተም ሳታውቁት የምታስቸግሩት ነገር ሊኖር ይችላል።

ወረቀት ጽፎ መስታወት ላይ መለጠፍ፣ በሦስተኛ ሰው ማስነገር፣ ሌሎቹ ባሉበት የስልክ ቡድን ላይ መጻፍ ነገሩን ያባብሰዋል። ሁለት ጊዜ ተነጋግራችሁ ካልተለወጠ ወደ ፕሮክተሩ ሂዱ፤ ይህ ክስ አይደለም፣ ሥራው ነው። ዛቻ፣ ድብደባ፣ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ስርቆት ከሆነ ግን መጀመሪያ ተነጋገሩ አልልም። በቀጥታና በዚያው ቀን ለሚመለከተው አካል አመልክቱ፤ ደኅና ቦታ እደሩ።

እንቅልፍና ጥናት

ለ18 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ የሚመከረው እንቅልፍ በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። በማደሪያ ይህን ማግኘት የሚቻለው ሰዓቱን በመወሰን ነው። ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከቀትር በኋላ ዘግይቶ የተጠጣው ስትተኙም አብሯችሁ ነው። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ማንበብን ባትጀምሩት መልካም ነው። አልጋው የጥናት ቦታ ሲሆን ጥናቱ እንቅልፍ ያመጣል፣ እንቅልፉ ደግሞ የጥናት ሐሳብ። የዋናውን ጥናት ቦታ ከማደሪያው ውጭ አድርጉት፤ ወደ ክፍል መመለስ ዕረፍት እንዲሆን።

ጽዳት

ጽዳትን በቀን ሳይሆን በሥራ ተከፋፈሉ። «ሰኞ የአንተ፣ ማክሰኞ የእኔ» ሲባል የሰኞው ሰው ሳያጸዳ ከዋለ ማክሰኞ ሁለት ቀን ቆሻሻ ይጠብቃል፣ ጭቅጭቁም አብሮ። አንዱ ወለሉን፣ አንዱ ቆሻሻ መጣያውን፣ አንዱ መስኮቱንና ጠረጴዛውን ለአንድ ወር ቢይዝ ያልተሠራው የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታወቃል። በወሩ ተለዋወጡ።

በጋራ መታጠቢያ ቤት በባዶ እግር አትቁሙ፤ የእግር ጣቶችን የሚያሳክከውና የሚልጠው ፈንገስ እርጥብ ወለል ላይ ይተላለፋል። ከታጠባችሁ በኋላ በጣቶቻችሁ መካከል አድርቁ። ፎጣና ምላጭ አትዋዋሱ። እጅ በሳሙና ሲታጠብ 20 ሰከንድ ይቆይ። የታጠበ ልብስ ክፍል ውስጥ ከማስጣት ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ መስኮት ከፍታችሁ አስጡ፤ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚደርቅ ልብስ ውሃው ወደ ግድግዳው ሄዶ ሻጋታ ይሆናል። የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ማቀዝቀዣውም 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። የጋራ ማቀዝቀዣ ውስጥ የምታስቀምጡት ላይ ስምና ቀን ጻፉ።

በሽታ

ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቤት ጉንፋን ከአልጋ አልጋ መሄዱ አይቀርም። መስኮት ክፈቱ፣ ስታስሉ በክንዳችሁ ሸፍኑ፣ ኩባያ አትጋሩ። አንዱን በሽታ ግን ነጥዬ እናገራለሁ፦ ማጅራት ገትር። በማደሪያ የሚኖሩ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከሌሎች እኩዮቻቸው ይልቅ ለባክቴሪያው ማጅራት ገትር የተጋለጡ መሆናቸው ይታወቃል። ከመግባታችሁ በፊት ክትባቱን ስለማግኘት የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

አብሯችሁ የሚኖረው ሰው በድንገት ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ከያዘው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ብርሃን ማየት ካቃተው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ከመጠን በላይ ካንቀላፋ «ተኝቶ ይሻለዋል» አትበሉ። ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ የመስታወት ብርጭቆ ጎን በላዩ ላይ ጫን አድርጉ። በብርጭቆው ውስጥ ሲታይ ሽፍታው የማይጠፋ ከሆነ በዚያው ደቂቃ ወደ ሕክምና የሚወሰድ ነው። ሽፍታው እስኪመጣ ግን አትጠብቁ፤ አንዳንዱ ላይ ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ ጨርሶ አይመጣም። በሽታው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ታሞ የተኛን ሰው ወደ ትምህርት ስትሄዱ ብቻውን በሩን ቆልፋችሁበት አትሂዱ። ውሃ አጠገቡ አስቀምጡለት፣ በዕረፍት ሰዓት አንድ ሰው ተመልሶ ይየው። በማደሪያ ውስጥ እናትም አባትም የሉም፤ ያለው በላይኛው አልጋ ያለው ልጅ ነው።

ቁልፍና ንብረት

ክፍል ውስጥ የሚጠፋ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው «ለአምስት ደቂቃ ነው» ተብሎ በሩ ክፍት ሲተው ነው። ለመታጠብ ስትወጡም ቆልፉ። የስልካችሁን መለያ ቁጥር አሁኑኑ ያዙ፦ *#06# ስትደውሉ ባለ 15 አሃዙ ቁጥር ይመጣል፤ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ስልኩ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት። የኮምፒውተራችሁንም ከሥሩ የተጻፈ ቁጥር ፎቶ አንሱ። ማስታወሻና የመመረቂያ ሥራ ቢያንስ በሌላ አንድ ቦታ ቅጂ ይኑረው፤ ኮምፒውተር ይተካል፣ የአራት ወር ጽሑፍ ግን አይተካም።

ሦስተኛው ሳምንት

የቤት ናፍቆት በመጀመሪያው ቀን የሚመጣ ይመስላል። እኔን የያዘኝ ግን ግርግሩ ካለፈ በኋላ፣ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ልብሴን አጥቤ ጨርሻለሁ፤ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ ከኮሪደሩ የሌሎች ሳቅ ይሰማኛል። ሁሉም ጓደኛ ያገኘ፣ እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ። ከዓመት በኋላ ጎን ለጎን ከነበሩት ክፍሎች ልጆች ጋር ስናወራ ሦስቱ ያንኑ እሑድ እንደዚያው እንዳሳለፉት ነገሩኝ። በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ሆነን ነበር።

ለዚህ ጊዜ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍል ውስጥ ስትሆኑና ዕቃችሁ በዓይናችሁ ሥር ሲሆን በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ያልፍ የነበረ ሰው ሰላም ብሎ ይቆማል። የጎረቤት ክፍሎችን ተማሪዎች ስም እወቁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት የምትገኙበት አንድ ነገር ያዙ፦ ስፖርት፣ መዘምራን፣ የንባብ ቡድን፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ። ወዳጅነት ከትልቅ ዝግጅት ይልቅ ያንኑ ሰው በዚያው ሰዓት ደጋግሞ ከማየት ይወለዳል። ቤታችሁ ቅርብ ከሆነ የመጀመሪያውን ወር ቅዳሜና እሑድ ሁሉ አትመላለሱ፤ ወዳጅነቱ የሚያዘው በነዚያ ቀናት ነው። ለቤተሰብ መደወያ ሰዓት ወስኑ። ናፍቆት በመጣ ቁጥር ከመደወል ቀጠሮ መያዝ ለእናንተም ለእነርሱም ይቀላል።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ መብላትና መተኛት ካስቸገራችሁ፣ ወደ ትምህርት መሄድ ካቃታችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ሂዱ። አብሯችሁ የሚኖረው ሰው ዕቃውን ማደል ከጀመረ ወይም መኖር እንዳስጠላው ከተናገረ ብቻውን አትተዉት፣ ምስጢር ጠብቁልኝ ቢላችሁም ለሚረዳ ሰው ንገሩ። በኋላ ቢቆጣችሁ ይቆጣ።

ስትወጡ

የመጨረሻው ፈተና ካለቀ በኋላ ሁሉም ይቸኩላል። ከመውጣታችሁ ሁለት ቀን በፊት ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁትን አንሡ፣ ከአልጋው ሥርና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥረጉ። የማትፈልጉትን ደህና ዕቃ ከመጣል ለሚቀጥለው ገቢ ወይም ለሚፈልግ ስጡ። የትኋን ፍተሻውን በሻንጣችሁ ስፌት ላይ ድገሙት፤ ወደ ቤት የምትወስዱት ልብስ ብቻ ይሁን።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን የመጀመሪያውን ቀን ፎቶግራፎች ከፍታችሁ በዚያው ማዕዘን ቆማችሁ እንደገና አንሱ። ርክክቡን ኃላፊው ባለበት አድርጉ እንጂ ቁልፉን በጓደኛ አትላኩ። የተረከበበትን ወረቀት ስሙ፣ ቀኑና ፊርማው መኖሩን አይታችሁ ተቀበሉ፤ ያስያዛችሁት ተቀማጭ ገንዘብ ካለ እስኪመለስ ድረስ ወረቀቱን አትጣሉት።